ለባዕድ አለቃ ጾማችንን እንዴት እናስረዳው?

 

ረመዳን ሲቃረብ በየመስጊዱ የሚነሱት ጥያቄዎች ድሮ የታወቁ ነበሩ። መርፌ መወጋት ጾም ያፈርሳል ወይ? ነፍሰ ጡር ሴት ትጾማለች ወይ? ዘካተል ፊጥር ስንት ይወጣል? አሁን ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ተጨምሯል። «ሸኽ፣ አለቃዬ የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ውኃ እንኳ አልጠጣም ስለው የታመምኩ ይመስለዋል፤ ምን ልበለው?» «የከሰዓት ፈረቃ ነኝ፤ መግሪብ የሚደርሰው ማሽን ላይ ሳለሁ ነው፤ እንዴት ላድርግ?» «ለጁምዓ ስወጣ ከሥራ እንደቀረሁ ተቆጠረብኝ።»

ጥያቄው የመጣው ሥራው ስለመጣ ነው። ዱከም አጠገብ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሥራ ከጀመረ፣ የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008፣ የኮምቦልቻው ደግሞ በሐምሌ 2009 ከተመረቁ ወዲህ፣ ብዙ ልጆቻችን ከቻይና፣ ከኮሪያ፣ ከህንድና ከሌሎችም አገሮች በመጡ አለቆች ሥር ሠርተዋል፤ እየሠሩም ነው። አብዛኞቹ ከገጠር የወጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ለብዙዎቹ የሕይወታቸው የመጀመሪያ ደመወዝ ነው። ከእሱ ላይ የቤት ኪራይ ይከፈላል፣ ለእናት ይላካል፣ ለታናሽ ወንድም ደብተር ይገዛል። በአንድ ቃል አለመግባባት ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ ማስጠንቀቂያው ሲደራረብ ያ ሁሉ ይቀራል።

ሠራተኞቹም አለቆቹም ሲናገሩ ካዳመጥኩት የተረዳሁት፣ ጠቡ ብዙውን ጊዜ ከክፋት የማይነሳ መሆኑን ነው። አለቃው ሊያከብር የሚችለው በግልጽ የተነገረውን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ በግልጽ ለመናገር በመጀመሪያ የራሳችንን ጉዳይ ለይተን ማወቅ አለብን። የትኛው የአላህ ትእዛዝ ነው? የትኛውስ የለመድነው ነገር ነው?

የመድየኑ ውል

በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ሰዎችን ጎሳና ነገድ ያደረገው እንዲተዋወቁ መሆኑን ይነግረናል። መተዋወቅ ስም ከመጠያየቅ ይጀምራል፤ በዚያ ግን አያበቃም። የሌላው ሰው ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስቀይመው፣ ምን እንደሚያስደስተው ማወቅ ነው።

በባዕድ አገር ሰው ሥር ስለመሥራት ደግሞ ከነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ የበለጠ ማስተማሪያ አላውቅም። በሱረቱል ቀሶስ እንደተተረከው ሙሳ ከግብፅ ሸሽተው፣ ዘመድ ወዳጅ በሌለበት መድየን ደረሱ። ለሁለት ሴቶች ልጆች መንጋቸውን አጠጡላቸው። ከልጆቹ አንዷ አባቷን «ቅጠረው» ስትል የጠቀሰችው ምክንያት የአገር ልጅነትንም ሆነ ዘመድነትን አልነበረም፤ ብርቱና ታማኝ መሆኑን ነበር። ሽማግሌው ውሉን ሲያቀርቡ ግዴታው ስምንት ዓመት እንደሆነ፣ ዐሥር ቢሞላ ግን ከሙሳ በጎ ፈቃድ እንደሚሆን ለይተው ተናገሩ። ሊያስቸግሯቸው እንደማይፈልጉም ጨመሩ። ሙሳም ዝም ብለው አልተቀበሉም። የሰሙትን መልሰው በራሳቸው አንደበት አረጋገጡ፤ ከሁለቱ ጊዜያት የትኛውንም ብፈጽም በደል አይኖርብኝም አሉ፤ አላህንም ምስክር አደረጉ።

እዚህ ውስጥ ሦስት ነገር እናገኛለን። ግዴታውና በጎ ፈቃዱ ተለይቷል። ነገሩ የተነገረው ሥራው ሳይጀመር ነው። ሠራተኛው ደግሞ የገባውን መልሶ ተናግሯል። የዛሬው ፋብሪካ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

«እሺ» ሲባል ምን ተባለ?

እኛ ዘንድ «እሺ ይበልጣል ከሺ» ይባላል። ልጅ ለአባት፣ ታናሽ ለታላቅ፣ ሠራተኛ ለአለቃ «እሺ» ሲል አክብሮቱን መግለጹ ነው። «እሺ» አንዳንዴ «ሰምቻለሁ» ነው፤ አንዳንዴ «ተስማምቻለሁ» ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ «ፊት ለፊት እምቢ ልልዎት አይገባኝም» ነው። የአገሬው ሰው ከድምፁ ይለየዋል። ባዕዱ አለቃ ግን በአስተርጓሚ የሚደርሰው አንድ ቃል ብቻ ነው። «እሺ» ከተባለ ሥራው ያልቃል ብሎ ይጠብቃል። ሳያልቅ ሲቀር «ዋሸችኝ» ይላል፤ እሷ ግን አልዋሸችም፤ አክብራዋለች።

በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ አዎንታችንን በቃል እንኳ አንገልጽም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን ዝም እንላለን። ይህን ለማያውቅ ሰው የደነገጥን ወይም የታመምን ይመስለዋል። አንገት ደፍቶ መስማትም እንዲሁ ነው። ለእኛ ዐደብ ነው፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የእውነተኛነት ምልክት በሆነበት አገር ላደገ ሰው ግን የሚደበቅ ነገር ያለ ያስመስላል።

የሥራ አመራር የሚማሩ ልጆቻችን የሆላንዳዊውን ምሁር የገርት ሆፍስቴድን ስም ያውቁታል። በብዙ አገሮች የሚሠሩ የአይቢኤም ኩባንያ ሠራተኞችን መልስ አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአለቃና በበታች መካከል ያለው ርቀት ከአገር አገር እንደሚለያይ አሳይቷል። በአንዱ አገር ሠራተኛ አለቃውን በስሙ ጠርቶ «ይህ አያስኬድም» ይለዋል። በሌላው አገር እንዲህ ማለት ድፍረት ነው። እኛ ወደ ሁለተኛው እንጠጋለን። ነገሩን ማወቅ የሚጠቅመው አንዱን ለማውገዝ ሳይሆን፣ የሌላውን አነጋገር በራስ ሚዛን ላለመመዘን ነው።

«ኢንሻአላህ»ም የራሱ ጣጣ አለው። በሱረቱል ከህፍ ነገ ይህን አደርጋለሁ ስንል ፈቃዱን ለአላህ እንድንተው ታዘናል። ስለዚህ «ኢንሻአላህ» ቁርጠኛ ሐሳብ ያለው ሰው ቃል ነው። አንዳንዶቻችን ግን ማድረግ ለማንፈልገው ነገር ማምለጫ አድርገነዋል። ባዕዱ አለቃ ይህን ሁለተኛውን ቀድሞ ከሰማ፣ ቃሉን በሰማ ቁጥር «አይሆንም ማለቱ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። የአላህን ስም የጠራንበት ቃል ከውሸት ጋር እንዲቆጠር ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሔው ሙሳ በመድየን ያደረጉት ነው። «እሺ» ካልን በኋላ የሰማነውን መልሰን እንናገር፦ «እሺ፤ 200 ኮሌታ እስከ ዐሥር ሰዓት እንጨርሳለን፣ ኢንሻአላህ።» የማይቻል ከሆነም «እሺ፤ ግን እስከ ዐሥር ሰዓት የሚደርሰው 150 ነው» ማለት ነውር የለበትም። አክብሮቱም ሐቁም አብረው ይኖራሉ።

ሰዓትና ቀን

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት» ብለን ስንቀጥረው ባዕዱ ሰው ሌሊቱ መሐል ይመስለዋል። እሱ «ስምንት» ሲል እኛ ከሰዓት በኋላ እንረዳለን። ይህን ፋብሪካዎች ቶሎ ይለምዱታል። የማይለመደው የበዓሉ ቀን ነው። አለቃው ዕቃው በመርከብ የሚጫንበትን ቀን ከወራት በፊት ያውቀዋል። «ኢድ መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ማክሰኞ ወይም ረቡዕ» እንለዋለን፤ የሚረጋገጠው ደግሞ በዋዜማው ማታ ነው። «የራሳቸውን በዓል አያውቁም» ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም።

ወሩ በጨረቃ የሚቆጠር መሆኑን፣ 29 ወይም 30 ቀን ሊሆን እንደሚችል፣ ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ እንደሚመጣ አስቀድመን እንንገረው። ሁለቱንም ቀን በዕቅዱ እንዲይዝ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ ከበዓሉ ዋዜማ ጭቅጭቅ ያድናል።

በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ረመዳንና የክርስቲያን ወገኖቻችን ዐቢይ ጾም ተደራርበዋል። ባዕዱ አለቃ ሁለቱንም «ጾም» ሲባል ይሰማና አንድ ይመስሉታል። አንዷ ሠራተኛ እስከ ከሰዓት ቆይታ ያለ ሥጋና ያለ ወተት ትበላለች። ሌላዋ ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ውኃ እንኳ አትቀምስም። የመጀመሪያዋ የምትፈልገው የጾም ወጥ ነው፤ ሁለተኛዋ የምትፈልገው ደግሞ የምሳ ሰዓቷ ተጠራቅሞ ለኢፍጣር እንዲውልላት ሊሆን ይችላል። ይህን ካልነገርነው ለሁለቱም አንድ ዓይነት መፍትሔ ይሰጥና ሁለቱንም ያስቀይማል።

ግዴታውን ከልማዱ መለየት

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ለማያስፈልግ ነገር ከተጠቀምንበት ለሚያስፈልገው ቀን ዋጋ ያጣል። ስለዚህ አንዳንዶቹን እንለያቸው።

ሶላት፦ ዙህር ከሰገድን በቂ ጊዜ አለን። በአገራችን ከዙህር መግቢያ እስከ ዐስር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። አዛን በተሰማበት ደቂቃ ማሽን ጥሎ መሄድ ግዴታ አይደለም። በምሳ ዕረፍት መስገድ ይቻላል፤ በተራ በተራ መስገድም ይቻላል። የመግሪብ ጊዜ አጭር ነው፤ እሱን አጥብቀን እንጠይቅ።

ጁምዓ፦ ይህ ሌላ ነው። ለወንዶች ግዴታ ነው፤ በጀመዓ ነው፤ ሰዓቱም የታወቀ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሚዘጉት ለዚህ ነው። በግል ፋብሪካ ብዙ ጊዜ በስምምነት የሚያልቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ አለቃውን የሚያረጋጋ አንድ እውነት አለ፤ ጁምዓ በሴቶች ላይ ግዴታ አይደለም። በልብስ ፋብሪካ ከሠራተኛው የሚበዛው ሴት ነውና መስመሩ አይቆምም። «ሙስሊም ሁሉ ይውጣ» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የሚወጡትን ወንዶች ቁጥር ይዞ መቅረብና ያመለጠውን ሰዓት እንዴት እንደሚያካክሱ ማሳየት የተሻለ ነው።

ኢፍጣር፦ ጾምን ሳያዘገዩ መፍታት ሱና ነው። ሦስት ቴምርና አንድ ኩባያ ውኃ ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሾርባውና ሳምቡሳው እስከ ዕረፍቱ ይቆያል። «ለኢፍጣር አንድ ሰዓት ስጡን» የሚለው ጥያቄ ውድቅ በሆነበት ቦታ «አምስት ደቂቃና ውኃ» የሚለው ሊፈቀድ ይችላል።

ሒጃብ፦ ግዴታው መሸፈን ነው። ጫፉ ተንጠልጥሎ ማሽን ውስጥ እንዲገባ የሚያዝ ሕግ የለም። ጠበቅ አድርጎ መጠምጠምና ጫፉን ልብስ ውስጥ መክተት ሃይማኖቱንም ነፍስንም ይጠብቃል። ለወንድ አለቃ እጅ አለመጨበጥ የምትፈልግ ልጅም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላ ሰላም ካለች፣ ንቀት አለመሆኑ በቀላሉ ይገባዋል።

ጀናዛ፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። ጎረቤት ግን በዚያ ውስጥ የለም። ለእኛ ደግሞ የጎረቤት ቀብር መቅረት ከባድ ነው። ይሁን እንጂ ጀናዛ ፈርዱ ኪፋያ ነው፤ የተወሰኑት ከፈጸሙት ከሌሎቹ ላይ ይነሳል። ከአንድ ሰፈር የሚመጡ ዐሥር ሠራተኞች ካሉ ሁለቱ ቢቀብሩ፣ ሌሎቹ ከሥራ በኋላ ለተዕዝያ ቢደርሱ ሁሉም ሐቁን አገኘ።

በእንፋሎት መተኮሻና በሙቀት አካባቢ የሚሠሩ ደግሞ ራሳቸውን ካዞራቸው ደብቀው አይቁሙ። ለመስመር ተቆጣጣሪው ይናገሩ። በረመዳን ወደ ቀዝቃዛ ቦታ መዛወርን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። ጾም ነፍስን ለጉዳት ለማጋለጥ አልተደነገገም፤ የታመመና መንገደኛ የተፈቀደላቸውም ለዚህ ነው።

በሚያውቀው ነገር ማስረዳት

ሰው የማያውቀውን ነገር በሚያውቀው ይረዳል። ለቻይናዊ አለቃ «ኢድ ለእኛ እንደ እናንተ የፀደይ በዓል ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ቤተሰቡ የሚሄድበት» ብንለው ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። በአገሩ በዚያ በዓል ፋብሪካ እንደሚዘጋና መንገዱ በተጓዥ እንደሚጨናነቅ ያውቃልና። ለኮሪያዊው የእነሱን ቹሶክ መጥቀስ ይቻላል። ቻይናውያን ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ የቀትር ዕረፍት ለሰውነትና ለመንፈስ ምን እንደሚያደርግ ለእነሱ ማስተማር አይጠበቅብንም።

የምንመሳሰልበትም ብዙ ነው። ኮሪያዊ ለታላቁ ሲሰጥም ሲቀበልም በሁለት እጁ ነው፤ ሲጨባበጥም በግራ እጁ የቀኝ ክንዱን ይደግፋል። እኛስ? አያቶቻችን ያስተማሩን ይህንኑ አይደለም? በሰው ፊት መዋረድም ለቻይናዊ እንደ እኛው ሞት ነው። ይህን የሚያውቅ ተቆጣጣሪ ሠራተኛዋን በጓደኞቿ ፊት ከመጮህባት ይልቅ ጠርቶ ይነግራታል።

በሌላ በኩል ሙስሊም አለቃ ሁሉ እንደኛ ነው ብለን አንሳሳት። በቱርክ የኢድ አልፈጥር በዓል ሦስት ቀን ይከበራል፤ በእኛ አገር የሥራ መዝጊያው አንድ ቀን ነው። በኢንዶኔዥያ አሠሪ ከበዓሉ በፊት ለሠራተኛው የበዓል አበል እንዲከፍል ሕግ ያስገድደዋል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በግሉ ዘርፍ የረመዳን የሥራ ሰዓት ለሁሉም በቀን ሁለት ሰዓት ይቀነሳል። እነዚህ ወንድሞች እዚህ መጥተው የእኛን አሠራር ሲያዩ ግራ ቢጋቡ አይግረመን፤ ሃይማኖት አንድ ሲሆን የአገር ልማድ ይለያያል።

ለአሠሪዎች ሁለት ቃል

ይህን ጽሑፍ ባዕዳኑ አለቆች አያነቡት ይሆናል፤ ከእነሱ ጋር የሚሠሩት የሰው ሀብት ኃላፊዎችና አስተርጓሚዎች ግን ያነቡታል። እባካችሁ ቃል ብቻ አትተርጉሙ፤ ትርጉሙንም አስረዱ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። አለቃው ለሠራተኞቹ ደግ ልሁን ብሎ ለበዓል አንድ በሬ ይገዛል። በሬው በማን እጅ ታረደ? በአንዱ ወገን እጅ ከታረደ ሌላው ወገን አይበላም። አለቃው ገንዘቡን አውጥቶ ግማሹ ሠራተኛ ሲነሳበት ያዝናል። ወሎ ውስጥ ግን ይህን ማንም ሕፃን ያውቀዋል፤ ክርስቲያኑ ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻ ያሳርዳል፣ ሙስሊሙም እንዲሁ። አንድ በሬ በሁለት በጎች ወይም ፍየሎች ቢለወጥ፣ ድስቱም ቢለይ ግብዣው ሙሉ ነው። ይህን የሚነግረው ከጎኑ የተቀመጠው ያገር ልጅ ነው።

የእምነት ልዩነት መተማመንን እንደማይከለክል ደግሞ ከሂጅራ እንማራለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲወጡ መንገድ መሪ አድርገው የቀጠሩት ዐብደላህ ኢብን ኡረይቂጥን ነበር። ሙስሊም አልነበረም። ሙያውን ያውቅ ነበር፤ ታማኝም ነበር። ሕይወታቸውን አደራ ሰጡት፤ አደራውንም ጠበቀ።

እኛም አሠሪዎች ነን

እስካሁን ስለ ሌሎች አለቅነት ተናገርን። ይህን ጋዜጣ በኢፍጣር ማግስት የምታነቡ ቤተሰቦች ግን ብዙዎቻችሁ አሠሪዎች ናችሁ። ሳምቡሳውን የምትጠብሰው፣ ሾርባውን የምታፈላው፣ ሱሁር ለማሞቅ ሌሊት የምትነሳው ልጅ ከሌላ ወረዳ፣ ከሌላ ቋንቋ፣ ምናልባትም ከሌላ እምነት የመጣች ናት። እሷ ዘንድ ባዕዱ አለቃ እኛ ነን። ፋብሪካው ውስጥ ለልጃችን የምንመኘውን ሁሉ ለእሷ አድርገናል ወይ? ሱሁር ያነሳናት ልጅ ጠዋት ምን ያህል ትተኛለች? ዐቢይ ጾሟን የምትጾም ከሆነ የሚበላ የጾም ምግብ ቤታችን ውስጥ አለ? «እሺ እትዬ» ስትል ደክሟት ይሆን ብለን ጠይቀናታል?

በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ረመዳን የዓመቱ ከባዱ ወር እንደሆነ ይናገራሉ። ወጥ ቤቱ በእጥፍ ይሠራል፤ እንግዳው እስከ ሌሊት ነው። ይህን ስንሰማ እናዝናለን። ሐዘናችን እውነተኛ የሚሆነው ግን የራሳችን ወጥ ቤት ውስጥ ሌላ ሆነን ስንገኝ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጥ ማዘዛቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ዋጋ ከብር በላይ ነው፤ ዕረፍትም ዋጋ ነው፣ በስም መጠራትም ዋጋ ነው።

ዛሬ ማታ ከኢፍጣር በኋላ በየቤታችን ሁለት ነገር እናድርግ። ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ካለን ለአለቃው ሊነግረው የሚገባውን ነገር በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር አብረን እናዘጋጅለት፤ ምን እንደሚፈልግ፣ ለምን ያህል ደቂቃ፣ ሥራው እንዴት እንደሚካካስ። ከዚያ ደግሞ የቤታችንን ሠራተኛ ጠርተን ያንኑ ጥያቄ እኛ እንጠይቃት፤ መልሷንም «እሺ» ብላ እንዳትጨርሰው ጊዜ እንስጣት።

አላህ (ሱ.ወ) ጾማችንን ይቀበለን፤ የድካማችንን ዋጋ ሐላል ያድርግልን፤ ሐቅ ከሚነፍጉት ሳይሆን ሐቅ ከሚሰጡት ያድርገን። አሚን። ረመዳን ከሪም።